ካነጋገር ይፈረዳል፤ የአፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤዎችና የዛሬው የቢሮ አማርኛ

«ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በችሎት ፊት ቆሞ ለሚሟገት ሰው ነው። ቃሉን አጣምሞ የተናገረ ባለጉዳይ እውነት ይዞ ይሸነፋልና። እኔ በደብረ ታቦር ከተማ ከአንድ ባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የምውል፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ። ስለዚህ ተረቱ ለእኔ የችሎት ብቻ አይደለም፤ የወረቀትም ነው። በየቀኑ በእጄ የሚያልፉት ማመልከቻዎች፣ ውሎች፣ ማስጠንቀቂያዎችና ደብዳቤዎች ስንቶቹ ጸሐፊው ያሰበውን ለአንባቢው ያደርሳሉ? ይህን ባሰላሰልሁ ቁጥር ሐሳቤ የሚመለሰው ወደዚችው ከተማ ታሪክ ነው። አንድ ደብዳቤ ምን ያህል ሊያተርፍ፣ ምን ያህልም ሊያከስር እንደሚችል ደብረ ታቦርን ያህል ያየ ከተማ ጥቂት ነውና።

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በራስ ጉግሣ መርሶ ከተቆረቆረች በኋላ የየጁ ራሶች መቀመጫ ነበረች። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ «ቴዎድሮስ» ተብለው ከነገሡ በኋላ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ዋነኛ መቀመጫ ሆነች። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው መድፍ ያፈስሱ ነበር። ታላቁ ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው። ጋፋት በተነሣ ቁጥር የሚወራው ስለ መድፉ ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ንጉሥ ፈቃድ፣ ሌላ መሣሪያም ይሠራ እንደ ነበር ግን ብዙ አይነገርም። እርሱም የአማርኛ ስድ ንባብ ነው።

አማርኛ ከዚያ በፊት በጽሑፍ አልታየም ማለቴ አይደለም። ለነገሥታት የተገጠሙ የአማርኛ ውዳሴዎች ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይገኛሉ። የነገሥታት ዜና መዋዕል ግን ይጻፍ የነበረው በግእዝ ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደብተራ ዘነብ የንጉሡን ታሪክ በአማርኛ ጻፉ፤ ይህንኑ ሥራ ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1902 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። አለቃ ወልደ ማርያምም የዚያኑ ንጉሥ ታሪክ በአማርኛ ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ለባዕዳን መንግሥታትና ለመልእክተኞቻቸው የሚልኳቸውን ደብዳቤዎች በአማርኛ ያስጽፉ ነበር። ግእዝ ለዘመኑ ሰው የክት ልብስ ነበር፤ አማርኛ ደግሞ የዘወትር። ንጉሡ ለሥራ የዘወትሩን መረጡ።

ከእነዚያ ደብዳቤዎች መካከል ስሙ የገነነው በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ተጽፎ በቆንስል ካሜሮን በኩል የተላከው ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ለአንድ ጊዜ የታሪክ ሰነድነቱን ትተህ እንደ ሥራ ደብዳቤ ተመልከተው። በሥላሴ ስም ይከፍታል። ቀጥሎ ጸሐፊው ማን እንደ ሆኑና መንግሥታቸውን እንዴት እንዳገኙ ይናገራል። ከዚያ ስለ ንግሥቲቱ ከማን እንደ ሰሙ ይገልጻል፤ አገራችንን ያውቁ የነበሩትን ቆንስል ፕላውደንንና ጆን ቤልን ያነሣል። ቀጥሎ እንቅፋቱ ይመጣል፤ የባሕሩን በር ቱርኮች ስለያዙት መልእክተኞችን ከገጸ በረከት ጋር መላክ አልተቻለም። በመጨረሻም ጥያቄው ይቀርባል፤ መልእክተኞቹ በሰላም የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻች፣ መልሱም በካሜሮን በኩል እንዲላክ። ማን ነኝ፣ እንዴት አወቅሁሽ፣ ምን ቸገረኝ፣ ምን ላድርግልሽ ሳይሆን ምን አድርጊልኝ፤ አራት እርምጃ ብቻ ነው። ዛሬ የጽሕፈትና የቢሮ አሠራር የሚያስተምሩ መምህራን የሚሰጡት ምክር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ደብዳቤው በየካቲት 1855 ዓ.ም. ለንደን ደረሰ። የደረሰበት መሥሪያ ቤት ግን መልስ ሳይጽፍበት ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አስቀመጠው። ንጉሡ ጠበቁ። መልስ ሲጠፋ በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰሩት። የንግሥቲቱ መልስ የተጻፈው በግንቦት 1856 ዓ.ም. ሲሆን፣ መልእክተኛው ሆርሙዝድ ራሳም ምፅዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ንጉሡ ፊት የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ከጥያቄው እስከ መልሱ ከሦስት ዓመት በላይ አለፈ። በዚያው ዓመት ራሳምና ባልደረቦቹም ከጣና ዳር ከቆራጣ ወደ ጋፋትና ወደ ደብረ ታቦር፣ ቀጥሎም ወደ መቅደላ እስር ቤት ተወሰዱ። በእርግጥ ለተከተለው ጦርነት ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ፤ የንጉሡ ቁጣ፣ በየአውራጃው የተነሣው ሽፍትነት፣ የኃያላን መንግሥታት የጥቅም ስሌት። ይሁን እንጂ የታሪክ ጸሐፊዎች ምክንያቱን ሲዘረዝሩ መልስ ያጣው ደብዳቤ ከዝርዝሩ ቀርቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ወረቀት ደግሞ በፍጻሜው ላይ የመጣ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የንጉሡ ጦር አሮጌ ላይ ድል ሆነ። በማግሥቱ ንጉሡ ከእስረኞቻቸው አንዱን ሌተና ፕሪዶንና ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ ጄኔራል ናፒየር ላኩ። ጄኔራሉም በጽሑፍ መለሰ፤ ንጉሡ ለንግሥቲቱ እጃቸውን ቢሰጡና አውሮፓውያኑን ሁሉ ቢያስረክቡ፣ ለእርሳቸውና ለቤተሰባቸው የክብር አያያዝ እንደሚደረግላቸው ቃል ገባ። ንጉሡ ይህን ሲሰሙ የጠየቁት ጥያቄ በዘመኑ ሰዎች ተመዝግቦልናል። የክብር አያያዝ ማለት ምን ማለት ነው? በክብር የተያዘ ምርኮኛ መሆን ነው? ወይስ አገራቸውን ከሸፈቱባቸው ሰዎች እንዲያስመልሱ መረዳት? ወረቀቱ ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ ያመጡትም ሰዎች የጄኔራሉን ልብ ሊተረጉሙ አይችሉም ነበር።

ቃሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን በእኛም ቋንቋ ቢሆን ያው ነበር። «አያያዝ» የሚለው ቃል «ያዘ» ከሚለው ግሥ የሚወጣ ነው፤ እንግዳም በመልካም ይያዛል፣ ሌባም ይያዛል። ንጉሡ በዚያ ዕለት ያስጻፉት መልስ የተጻፈው በነገሡበት ስም ሳይሆን በልጅነት ስማቸው በ«ካሣ» ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በመቅደላ አምባ ላይ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ፍች ያልተገኘለት ቃል ንጉሡን ገደለ ብዬ አላጋንንም፤ ከኩሩነታቸው የተነሣ ቃሉ ግልጽ ቢሆንም እጃቸውን የሚሰጡ አይመስለኝም። ግን አንድ ሰው ሞትና ሕይወቱን በሚመርጥበት ሰዓት በእጁ የያዘው ወረቀት ሁለት ትርጉም ነበረው። ይህ ለማንም ጸሐፊ ሊያስፈራ ይገባዋል።

እንግዲህ ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ጥፋት አየን። አንደኛው ግልጽ ሆኖ ተጽፎ መልስ ያጣ ነው፤ ሁለተኛው መልስ ሆኖ ተጽፎ ግልጽነት ያጣ። የእኛ ዘመን የቢሮ ደብዳቤ በሽታም ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እዚህ ላይ ሊያቋርጡኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ከጋይንት እስከ ጎጃም በሰምና ወርቅ ያደገ ሕዝብ እንዴት ስለ አንድ ትርጉም ይሰበካል? ድርብነት የቋንቋችን ውበት አይደለምን? ነው። ነገር ግን በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው የሚያውቀውን እናስታውስ። ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ማዋሐድ ከመጀመሩ በፊት ግሡን ያወርዳል፣ እርባታውን ያጠናል፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን ይለያል። ሙያው ያልቀና ቅኔ ምሥጢሩ ቢያምርም መምህሩ አይቀበሉትም። ባለ ሁለት ትርጉሙ ጥበብ የቆመው በጠራ ሰዋስው ላይ ነው። ባለቅኔው ሁለቱንም ትርጉም ፈልጎ፣ አስቦ፣ መዝኖ ያስቀምጣቸዋል። የቢሮው ጸሐፊ ግን ሁለተኛው ትርጉም እንዳለ አያውቅም፤ የሚያውቀው የከሰረው ባለጉዳይ ነው።

«ሰዋስው» በግእዝ መሰላል ማለት መሆኑን ልብ ይሏል። ይህን መሰላል ለዘመናዊው አንባቢ በኅትመት ካቆሙት ሊቃውንት አንዱ ደግሞ የዚሁ የእኛ አገር ልጅ ናቸው። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም የተወለዱት በይፋግ ነው፤ ዛሬ በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ውስጥ የሚገኝ፣ በቀድሞ ዘመን ነጋዴ የሚጎርፍበት ታላቅ ገበያ የነበረ ቦታ። በልጅነታቸው ወደ ምፅዋ ሄደው በምንኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ የሰዋስው መጽሐፋቸውም በዚያው በምንኩሉ በ1889 ዓ.ም. ታተመ። በኋላም በርሊን ሄደው ቋንቋችንን አስተምረዋል። ከእርሳቸው በኋላ እነ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛን ሰዋስው ለተማሪ ቤት አዘጋጁ፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የፕሮፌሰር ባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» ወጣ። ስለዚህ መሰላሉ የለም ማለት አንችልም። መሰላሉ አለ፤ ወደ ቢሮ ግን አልገባም።

ወደ ቢሮ የገባው ምንድን ነው? በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚባል አዲስ ነገር መስፋፋት ጀመረ። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን መታተም ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. የወጡት የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች ደግሞ መጀመሪያ የተረቀቁት በፈረንሳይኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የተተረጎሙት በኋላ ነው። የሐበሻ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት አስተዳዳሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የባንክ ቋንቋችንም እስከ ዛሬ ከእንግሊዝኛ ቅጽ የሚገለበጥ ነው። ተርጓሚዎቹን አልወቅስም፤ በአማርኛ ስም ላልነበረው ነገር ስም ያወጡ ሰዎች ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከትርጉሙ ጋር የባዕድ ዓረፍተ ነገር አጥንትም አብሮ መጣ። የዛሬው ጸሐፊ ደግሞ ያንን አጥንት የክብር ምልክት አድርጎ ያዘው። ያን ጊዜ ግእዝ የነበረበትን የክት ልብስነት ዛሬ የወረሰው ይህ የቢሮ አማርኛ ነው።

የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ የሚዞር ነው። «ላክሁ» ስል «እኔ» ማለት አያስፈልገኝም፤ «ላከች» ሲባል ሴት መሆኗ ታውቋል፤ «ልከውልኛል» በምትለው አንዲት ቃል ውስጥ ላኪው፣ ተላኪለቱና አክብሮቱ ሳይቀር ገብተዋል። እንዲህ ባለ ቋንቋ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር መጻፍ ድካም ይጠይቃል። ቢሮዎቻችን ይህን ድካም በየቀኑ ይደክማሉ። ለምሳሌ ያህል፦

«ያቀረቡት ጥያቄ ታይቶ አስፈላጊው ምላሽ እንዲሰጥ የሚደረግ መሆኑን እንገልጻለን።»

ማን ያየዋል? ማን ይመልሳል? መቼ? ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ብቸኛ ባለቤት የሚገልጸው ወገን ነው፤ የሚሠራው ሰው የለም። ይህንኑ እንዲህ ማለት ይቻል ነበር፦

«የብድር ኮሚቴው ጥያቄዎን እስከ ሰኔ 15 ቀን ያየዋል። ውሳኔውን በማግሥቱ በስልክ እንነግርዎታለን።»

ሁለተኛው ግልጽ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ያስጠይቃል። ሰኔ 16 ቀን ስልኩ ካልጮኸ ባለጉዳዩ የሚጠይቀውን ያውቃል። ባለቤቱ ከዓረፍተ ነገራችን የሚጠፋው አማርኛ ስላነሰን አይመስለኝም፤ ተጠያቂ መሆንን ስለምንፈራ ነው። ሰዋስውና ኀላፊነት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ልማድ ግሡን ገድሎ ሬሳውን በሌላ ግሥ ማሸከም ነው። «ከፈልን» ማለት ሲበቃ «ክፍያ የመፈጸም ተግባር ተከናውኗል» ይባላል። «መረመርን» ማለት ሲበቃ «የማጣራት ሥራ ተሠርቷል» ይባላል። «ሲሆን» ደግሞ ሐሳብን ከሐሳብ የሚያስር መጫኛ ሆኖ ገጽ ሙሉ ያለ አራት ነጥብ ይጓዛል፤ አንባቢው መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። የሥራ ደብዳቤያችን አንድ ደኅና ነገር ቢኖረው ከላይ የሚሰመርበት «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ነው። እርሱ እንኳ ብዙ ጊዜ «ትብብር ስለመጠየቅ» ተብሎ ይታለፋል። የምን ትብብር?

የቃል ምርጫ ነገር ከዚህም ይከፋል። አንድ ቀን ከፋርጣ ገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ከአንድ አበዳሪ ተቋም የተጻፈላቸውን ደብዳቤ ይዘው መስኮቴ ጋ ቀረቡ። ደብዳቤው ቀሪ ሒሳባቸው 8,400 ብር መሆኑን ጠቅሶ ቀርበው እንዲያጠናቅቁ ይጠይቃል። ደስ ብሏቸው ነበር።

«ልጄ፣ ቀረልህ ያሉኝን ገንዘብ ልወስድ መጥቼ ነው» አሉኝ።

«አባቴ፣ ይህ ከእኛ ባንክ አይደለም፤ ደግሞም የሚወስዱት ሳይሆን የሚከፍሉት ነው።»

«እንዴት? ቀሪ ይላል እኮ!»

እውነታቸውን ነው። በቁጠባ ደብተር ላይ «ቀሪ ሒሳብ» ማለት የባለ ደብተሩ ገንዘብ ነው፤ በብድር ደብዳቤ ላይ ደግሞ ያልተከፈለ ዕዳ። ለጸሐፊው ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሁለቱንም መዝገብ ያውቃልና። «ያልከፈሉት ዕዳ 8,400 ብር አለ» ቢል አንድም ሊቅ አይነቅፈው፣ አንድም ገበሬ አይሳሳት። ሽማግሌው ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ፣ ለዚያች ወረቀት ሲሉ የከፈሉትን የመኪና ዋጋ አሰብሁ። የተዘለለች አንዲት ቃል ዋጋዋ ያ ነበር።

ከዚህ ሌላ ፊደላችን የማይነግረን ነገርም አለ፤ የድምፅን ጥብቀትና ላላት ለይተን አንጽፍም። «ይረታል» የሚለውን ተመልከት። «ረ» ሲላላ ያሸንፋል፤ ሲጠብቅ ይሸነፋል። «ይሰጣል» ሲላላ ሰጪ ነው፤ ሲጠብቅ የሚሰጠው ነገር። በአፍ የሚናገር ሰው ይህን በድምፁ ይለየዋል፤ የሚጽፍ ሰው ግን ድምፁ በወረቀቱ ላይ አይሰማም። ስለዚህ ጠንቃቃ ጸሐፊ «መልስ ይሰጣል» ብሎ አይተውም፤ ማን ለማን እንደሚሰጥ ይጨምራል። ከሁሉ የሚሻለው መፈተኛ የጻፉትን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ ቢቻል ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አስነብቦ «ምን አድርግ ይልሃል?» ብሎ መጠየቅ። የጥንት ደብዳቤ በቃል ተነግሮ ይጻፍ ነበር፤ ሲደርስም በጆሮ ይሰማ ነበር። ጥራቱ በከፊል ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ስል የቢሮን ደብዳቤ ግጥም እናድርገው ማለቴ አይደለም። ግጥም የሚጽፍ ሰው ቀን በቢሮ የሚጽፋትን አጭር ማስታወቂያ ሊንቃት እንደማይገባ ለማለት ነው። የግጥማችንን መጽሐፍ የሚገዛው ጥቂት ሰው ነው፤ የብድር ውላችንን ግን መነጽር የሌላቸው እናት ሳይቀሩ በጎረቤት ልጅ አስነብበው ጣታቸውን ያትሙበታል። ቋንቋችን ለእኒያ እናት ታማኝ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ለመጎተት ብዙ ሺህ ሰው ለወራት መንገድ ጠረገ፣ ገደል ናደ። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ አለ፤ ለጌታው የጠቀመው ነገር የለም። ያ ደብዳቤ ግን አንድ ቅጠል ወረቀት ነበር፤ ባሕር ተሻግሮ፣ ማን ምን እንደሚፈልግ በግልጽ ተናግሮ ደረሰ። የጎደለው የሚመልስለት ሰው ብቻ ነበር። ነገ ጠዋት በየጠረጴዛችን ላይ አንድ ማመልከቻ ይጠብቀናል። የሚያስፈልገውም ሁለት ነገር ነው፤ ሳይዘገይ መመለስ፣ ሲመልሱም አንድ ትርጉም ብቻ ባለው አማርኛ መመለስ።